ሰፈርና ዋስ፦ ከግሽ ዓባይ እስከ ፍኖተ ሰላም እንግዳ ሰው አገርን የሚመረምርበት ጥበብ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ወደማያውቀው አገር በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ ከፊቱ ይደቀናል፤ የምገባበት ሰፈር ሰላም ነውን? ጥያቄው በየዘመኑ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ቅልና አኩፋዳ ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ፥ አሞሌ ጭኖ ዓባይን የሚሻገረው የሲራራ ነጋዴ፥ ዕጣ ወደ ደረሰው የገጠር ትምህርት ቤት የሚጓዘው ወጣት መምህር፥ ቡሬ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሥራ የምትፈልገው ልጃገረድ፥ ሁሉም በየፊናቸው ይህንኑ ጠይቀዋል።

የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ጉዳዩን ከሁለት ወገን ይመለከተዋል። አንደኛው «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፥ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል። የመጀመሪያው የባይተዋርን አቅመ ቢስነት ሲናገር ሁለተኛው ያ ባይተዋር አንድ ቀን ከዘመድ የሚበልጥ ወዳጅ እንደሚያገኝ ያበሥራል። በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ጎዳና ግን ረጅም ነው። እንግዳው ተጭኖና ተለጉሞ ከሚኖር አህያነት ወጥቶ ጎረቤት እስኪባል ድረስ ምን ይጠይቃል? ማንን ያምናል? ማንስ ያምነዋል? በምዕራብ ጎጃም ምድር የታየው የኑሮ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብዙ ምስክር ያቀርባል።

ሰፈር የሚለው ቃል

ከቃሉ መነሣት ይጠቅማል። «ሰፈር» ዛሬ የከተማ መንደር መጠሪያ ይሁን እንጂ ሥሩ «ሰፈረ» ነው፤ ጦር ወይም ጓዝ ከጉዞ አርፎ ድንኳን ሲተክል የሚባለው ነው። ነገሥታቱ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ይገዙ በነበረበት ዘመን ሰፈሩ ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ይተከላል፤ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው በቀኝ፥ በግራ፥ በፊትና በኋላ ይሰፍራሉ፤ ተከታዩ ወታደርና አገልጋይ በጌታው ድንኳን ዙሪያ ያርፋል። የሰው ጸጥታ የሚለካው ከጌታው ድንኳን ባለው ርቀት ነበር። ዳር የሰፈረ ለሌባና ለጠላት ቅርብ ነው፤ መሐል የሰፈረ ጥበቃ አለው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ይኸው ልማድ ወደ መሬት ወረደና ራስ መኰንን ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚሉ ስሞች ተተከሉ። ወደ ከተማይቱ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ሰው እንደሆነ ነበር። የጌታ ስም የቤት ቁጥርም፥ የዋስትና ወረቀትም ሆኖ ያገለግል ነበር። ዘመኑ ሲለወጥና የጌታ ጥላ ሲሳሳ ደግሞ የአገር ልጅነት ቦታውን ያዘ። በመርካቶ አጠገብ ጎጃም በረንዳ የሚባለው ቦታ በስሙ ብቻ ታሪክ ይናገራል። ከጎጃም የመጣ ገበሬ፥ ነጋዴና ቀን ሠራተኛ ከአውቶቡስ ወርዶ በመጀመሪያ ጆሮውን የሚሰጠው የራሱን አገር የአነጋገር ለዛ ወደሚሰማበት ወገን ነው። ከተማይቱን ሁሉ ማወቅ ስለማይችል አንድ በረንዳ ያውቃል፤ ከዚያች በረንዳ ሆኖ የቀረውን ይመረምራል።

የፋሲል ፈረስ

ግሽ ዓባይ በሰከላ ምድር የዓባይ ምንጭ የሚፈልቅበት ስፍራ ነው። ወደዚህ ቦታ የመጡ ባዕዳን ታሪክ ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው «ምንጩን ማን አገኘው» የሚል ክርክር ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውንና የሚያከብረውን ምንጭ «አገኘሁ» ማለት ራሱ ትዝብት ነው። ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ከሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የደረሰው ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ፥ በ1763 ዓ.ም. ነው። ከምንጩ ክርክር ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ብሩስ በሕይወት እንዴት ደረሰ የሚለው ነው።

ዘመኑ መሳፍንት እርስ በርስ የሚዋጉበት ዘመን ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ላይ፥ የዳሞቱ ፋሲል ከዓባይ ወዲያ ማዶ፥ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ብሩስ የንጉሡ ፈቃድ ነበረው፤ እንዲያውም የግሽን መንደር ንጉሡ ርስት አድርጎ ሰጥቶት ነበር። ነገር ግን በጎንደር የተሰጠ ቃል ከዓባይ ማዶ ምን ያህል ይሠራል? ይህንን የተረዳው ብሩስ ወደ ፋሲል ሰፈር ሄደ። ፋሲል በመጀመሪያ ሊያስቀረው ቢሞክርም ኋላ ራሱ የሚቀመጥበትን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው። ፈረሱ እንዲጋለብ አልነበረም፤ ማንም ሳይቀመጥበት በመንገደኞቹ ፊት ፊት እየተነዳ እንዲሄድ ነበር። የሜጫን ምድር የሚጠብቁት ሰዎች የጌታቸውን ፈረስ አይተው መንገደኛውን አይነኩም። ከፈረሱ በተጨማሪ አገሩን የሚያውቅ ወልዶ የተባለ መሪ ተጨመረለት።

ይህ ፈረስ የምንነጋገርበትን ነገር በአንድ ምስል ያሳያል። ብሩስ ሽጉጥና ጠመንጃ ነበረው፤ የንጉሥ ቃልም ነበረው። ያሻገረው ግን በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቀና ስለ እርሱ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ምልክት ነው። በሌላ አነጋገር ዋስ ነው። ግሽ ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛው ነገር ተጨመረ፤ የቦታውን ሥርዓት ማክበር። የአገሩ ሰዎች ወደ ምንጩ ጫማ አውልቆ እንዲወርድ ጠየቁት፤ አወለቀ። ከዚያም የምንጩ አገልጋይ በሆነው በክፍለ ዓባይ ቤት አረፈ። እንግዳው አገሩን ሲመረምር አገሩም እንግዳውን ይመረምራል፤ የብሩስ ባዶ እግር ለዚህ ምርመራ የተሰጠ መልስ ነበር።

ጩኸት የሚሰማ መንደር

ከመሳፍንቱ ወርደን የተራውን ገበሬ ኑሮ ስንመለከት የጸጥታው ጉዳይ በጥቂት ልማዶች ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ጩኸት ነው። በጎጃም ገጠር ቤቶች በየጎጡ ተበታትነው የተሠሩ ናቸው። ሌሊት አንድ ቤት ላይ ሌባ ወይም እሳት ቢደርስ ያለው መሣሪያ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ማለት ነው። ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰ ሰው በማግስቱ ከሰው ፊት መቆም ይቸግረዋል፤ የእርሱም ተራ ሲደርስ ማን ይደርስለታል? ስለዚህ አንድ ጎጥ ሰላም መሆኑን ለማወቅ የሚሻ ሰው የአጥሩን ቁመት ከማየት ይልቅ ባለፈው ጊዜ ጩኸት ሲሰማ ማን ማን ደረሰ ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። በሌሎች የአገራችን ክፍሎች አፈርሳታ ይባላል። ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ከስብሰባው የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው ሳይገኝ ቢቀር የተበዳዩን ካሣ ነዋሪው በጋራ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። ይህ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያስቀጣል፤ ሰውን ከሥራው አስፈትቶ ለብዙ ቀናት ያውላል፤ ለሹማምንትም መዝረፊያ ይሆናል። ሆኖም ከሥሩ ያለው ሐሳብ ሊስተዋል ይገባዋል። በአንድ አካባቢ ለሚፈጸም በደል የአካባቢው ሰው ሁሉ ባለዕዳ ነው የሚል ነው። እንግዳው እንዲህ ባለ አገር ሲያድር ከጭቃ ሹሙ ጀምሮ እስከ እረኛው ድረስ ደኅና አድሮ መነሣቱን የሚሻ ሰው በዙሪያው አለ፤ ቢዘረፍ ከፋዮቹ እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛው የደም ጉዳይ ነው። በጎጃም ምድር ብዙ ሰው ቀዬውን የሚለቀው ደም ተቃብቶ ነው። ገዳይ ይሸሻል፤ የሟች ወገን ይፈልገዋል። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሰው ከወዴት፥ ለምን እንደመጣ ሳይጠየቅ አይታለፍም። የሚጠይቁት ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ደመኛ ያለበትን ሰው ያስጠጋ ጎጥ ደመኛውንም አብሮ ያስጠጋል። በሽማግሌ ዕርቅ ወርዶ ደም ሲደርቅ ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ገበያ ይውላሉ። የሽማግሎቹ ቃል የሚከበርበት ገበያ ለእንግዳ የሚያስፈራ ገበያ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ መንደሮችን በደንብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ የቆሎ ተማሪ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፥ ጎንጅ፥ ዲማ፥ ደብረ ኤልያስ ከየአቅጣጫው ተማሪ የሚጎርፍባቸው ቦታዎች ነበሩ። ደበሎ ለብሶ በየደጁ የሚለምነው ልጅ የየመንደሩን ውሻ፥ የየቤቱን እመቤት ጠባይ፥ የየወንዙን መሻገሪያ ያውቃል። ያወቀውንም ለባልንጀራው ይነግራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ተነሥቶ በሰው አገር የሚኖር የቤተ ክህነት ተማሪን ዕጣ የሚከተል መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ኅብረተሰብ አገርን በእግሩ የሚያውቅ፥ ነገር ግን የትም ቦታ ሙሉ ዜጋ ያልሆነ ሰው እርሱ ነበርና።

ለሁሉም እኩል ያልሆነ ሰላም

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቀድሞውን መንደር የሰላም ገነት አስመስሎ እንዳይታይ የሌላውንም ወገን ታሪክ መናገር ግድ ይላል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት በአባትና በእናት ዘር ተቆጥሮ የሚገኝ ስለሆነ ከሌላ የመጣ ሰው በዘር ካልተቆጠረ በስተቀር ጢሰኛ ሆኖ ከመኖር ሌላ ዕድል አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው በአውጫጭኙ ሜዳ ላይ ድምፁ ዝቅተኛ ነበር።

የባሰው ደግሞ በእጁ ሥራ የሚኖረው ሰው ዕጣ ነበር። አንጥረኛው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው፥ ሸማኔው ለመንደሩ ኑሮ የግድ ያስፈልጋሉ። ማረሻ የሚሠራው አንጥረኛው ነው፤ ማድጋና ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ሆኖም ቡዳ ናቸው እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ይገለሉ ነበር። አንድ ሕፃን ሲታመም ዓይን ወደ እነርሱ ቤት ይዞር ነበር። አንድ አንጥረኛ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዲስ ጎጥ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ከባለርስቱ ጥያቄ የተለየ ነበር። ባለርስቱ «ሌባ አለ ወይ?» ይላል፤ አንጥረኛው «ሕፃን ሲሞት ማንን ይከሳሉ?» ይላል። አንዱ ሰላም ብሎ የሚጠራውን ቦታ ሌላው ሥጋት ብሎ ይጠራዋል።

የሴቶችም ጥያቄ እንዲሁ የራሱ መልክ ነበረው። ያለ ዕድሜዋ ተድራ ከባሏ ቤት የጠፋች ልጅ፥ ወይም ከፍቺ በኋላ መጠጊያ ያጣች ሴት ወደ ቡሬ፥ ወደ ፍኖተ ሰላም፥ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትገባ በከተማው የምታውቀው አንዲት አክስት ወይም ጠላ የምትሸጥ የአገሯ ልጅ ብቻ ናት። ሰፈሩን የምትመረምረው በዚያች ሴት ዓይን ነው። ምንጭ ለመቅዳት በየትኛው መንገድ መሄድ ይሻላል፤ ማታ ስንት ሰዓት ላይ በር መዝጋት ያስፈልጋል፤ የትኛው ደንበኛ እጁን አይሰበስብም? ይህ ዕውቀት ከሴት ወደ ሴት በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው።

አየሩና ውሃው

ሰፈርን ከሰው ብቻ መጠበቅ አይበቃም። የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ደጋን ለመኖሪያ፥ ቆላን ለእርሻ የሚመርጠው በዘፈቀደ አይደለም። ቆላው ለም ነው፤ ነገር ግን ንዳድ አለበት። ስለዚህ ብዙው ሰው ቀን ወርዶ አርሶ ማታ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ሌሊት መሆኑን ሳይንስ ከማስረዳቱ በፊት ኑሮ አስተምሮት ነበር።

ይህ ዕውቀት ግን ወሰን ነበረው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሰላም ናቸው በተባሉ ከፍታዎች ላይ ሳይቀር ገባ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሱ ቦታዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላም ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ትጠጋለች፤ ሁለቱም በዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ሲመጣ የአያት ምክር ብቻውን አልበቃም። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚሁ መከራ በኋላ ነው። ሰፈርን መመርመር ከዚያ ወዲህ የሽማግሌና የጤና ባለሙያ የጋራ ሥራ ሆነ።

መንግሥት ሰፈር ሲገባ

በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በጌድዮን ጦር ተገፍቶ ቡሬን ለቀቀ። ቀድሞ ውዠት ትባል የነበረችው ከተማ በኋላ ፍኖተ ሰላም፥ ማለትም የሰላም ጎዳና፥ ተብላ ተሰየመች። ስም ግን ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ባወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ቀላድ ሊጣልብኝ፥ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ተነሣ። ከሌላ አገር የተሾመ ገዢና ከቢሮ የመጣ መሬት ለኪ በገበሬው ዓይን የሰፈሩ አደጋ ነበሩ። መንግሥት የላከው እንግዳ ዋስ አልነበረውም፤ በፊቱ የሚነዳ የታወቀ ፈረስ አልነበረውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፥ ማለት ቀበሌን፥ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዛወር ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ይዞ መሄድ ግዴታው ሆነ። የጌታው ስም፥ የአገር ልጅ ቃል፥ የሽማግሌ ምስክርነት በማኅተም ተተካ። ቀበሌው የሸማቾች ሱቅ፥ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያና ፍርድ ሸንጎ ያለበት ነበርና ብዙ መልካም ሥራ ተሠራበት። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያው ጠባቂ የተባለው ቢሮ ለብዙ ቤተሰብ የሚፈራ በር ሆነ። ልጅ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ሸሸ፤ መሸኛ የሌለው እንግዳም ተጠርጣሪ ሆነ። ጠባቂው ራሱ ተጠያቂ የማይሆንበት ሰፈር ጠባቂ ከሌለው ሰፈር ይከፋል።

ያልተጠየቁት

የሰፈርን ሰላም አስቀድሞ የመመርመር መብት ምን ያህል ክቡር እንደሆነ የሚታወቀው በተነፈገ ጊዜ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜንና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሰፈረ። በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል አውራጃ፥ በበለስ ሸለቆ፥ ፓዌ በሚባለው ስፍራ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ከወሎ፥ ከከምባታና ሀዲያ እንዲሁም ከሌሎች ቦታዎች ተወስደው ሰፈሩ።

አብዛኞቹ የደጋ ሰዎች ነበሩ። ስለሚሄዱበት አገር የጠየቀላቸው ሽማግሌ አልነበረም። ወባው ይታወቅ ነበር፤ ከብት የሚጨርሰው ገንዲም ይታወቅ ነበር፤ የአገሩ ሰው የጉሙዝ ሕዝብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ነገር ግን የሚሄዱትም፥ መሬታቸው የሚወሰድባቸው ጉሙዞችም አልተጠየቁም። በአገር ደረጃ በሰፈራው የሞቱት በአሥር ሺዎች ይገመታሉ። የተረፉትም እግራቸው በቻለ መጠን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የቀሩትና ጉሙዞቹም ለብዙ ዓመታት ተፈራርተው ኖሩ። ችግሩ የሰፈራ ሐሳብ በራሱ አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ ራሱ በየዘመኑ አዲስ መሬት ሲያቀና ኖሯል። ነገር ግን ያ ገበሬ አስቀድሞ አንድ ወንድሙን ይልካል፤ ወንድሙ አንድ ክረምት ከርሞ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ይንቀሳቀሳል። በ1977 የጠፋው ይህ አንድ ክረምት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሌላ የሰፈራ ፕሮግራም ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድና ለሦስት ዓመት የቀድሞ መሬቱ እንዲጠበቅለት የሚል መመሪያ ይዞ መነሣቱ ከዚያ መራራ ልምድ የተገኘ ትምህርት ነበር።

የሚቀረው ጥያቄ

ከዚያ ወዲህም ምዕራብ ጎጃም የሚፈልስና የሚገባ ሰው አላጣም። የቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየወረዳው ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ይስባል፤ ከሰከላና ከጃቢ ጠህናን ደግሞ ወጣቱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የመጣው ጦርነትም ጥያቄውን አክብዶታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሰላም ጎዳና በተባለችው ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከሰማይ ለሚመጣ አደጋ የጎረቤት ጩኸት አይደርስም። ቢሆንም ከጥቃቱ በኋላ ቁስለኛውን ያነሣው፥ ሟቹን የቀበረው፥ ለቅሶ የተቀመጠው ያው ጎረቤትና ያው ዕድር ነው።

እንግዲህ ወደ አዲስ ከተማ ለሚሄድ ሰው ታሪክ የሚያቀብለው ጥያቄ ከወሬ የተሻለ ነው። በዚህ ሰፈር ባለፈው ጊዜ ጩኸት ሲሰማ ማን ደረሰ? ዕድሩ አዲስ ሰው ይቀበላል ወይስ የአገር ልጅ ብቻ ይመዘግባል? ሴቶች ሲመሽ ብቻቸውን ውሃ ይቀዳሉ? የተመደቡ መምህራን ስንት ዓመት ይቆያሉ? ክረምት ሲወጣ የታመመው ስንት ነው? ጠባቂው ቢበድል ለማን አቤት ይባላል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፥ በዚህ ሰፈር ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ሰው ሌሊት እንዴት ይተኛል? ለአንጥረኛው ሰላም የሆነ ሰፈር ለባለርስቱ ሥጋት የሆነበት ጊዜ የለም፤ ተቃራኒው ግን ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ይህን ጥያቄ ነዋሪውም በበኩሉ ለራሱ ማቅረብ ይኖርበታል። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፥ የቴአትር ባለሙያው ከመድረኩ ላይ፥ የቀበሌ ሹሙ ከስብሰባው ላይ «መጤ» የሚለው ቃል በሰፈሩ ስንት ጊዜ እንደሚነገርና ለማን እንደሚነገር ቢመዝኑ የሰፈራቸውን ጸጥታ ልክ ያገኙታል። የፋሲል ፈረስ ባዶ ኮርቻውን ይዞ መንገደኛውን ያሻገረው መንገደኛው ኀይለኛ ስለነበረ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች ፈረሱን ስላወቁትና ስላከበሩት ነው።